የዱራሜ መስመር

ባለፈው ሳምንት የመሥሪያ ቤታችን መጋዘን ሲጸዳ ከአሮጌ ማተሚያዎች ሥር አንድ ግራጫ ሳጥን ወጣ። አቧራውን በእጄ ጠረግ ሳደርገው ሽታው መጣብኝ፤ የሞቀ ፕላስቲክ፣ የቆየ አቧራ፣ ትንሽም እርጥበት። አብረውኝ የነበሩት ወጣቶች "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አሉ። "ራውተር ነው፣ ኮምፒውተሮችን በስልክ መስመር የሚያገናኝ፣ የድሮ" አልኳቸውና ወደ ቢሮዬ ገባሁ። ለእነሱ ያልነገርኳቸውን ላንተ ልንገርህ።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ዲፕሎማዬን ይዤ ወደ ሆሳዕና ተመልሼ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ተቀጠርኩ። ባለሙያ ማለት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሆስፒታሉ ዱራሜ ላይ አንድ ክሊኒክ ነበረው። እዚያ የሚቀዳው ደም በመኪና መጥቶ እኛ ዘንድ ይመረመራል፤ ውጤቱ ግን በወረቀት ተጽፎ፣ በሚኒባስ ሹፌር እጅ፣ አንዳንዴ በሦስተኛው ቀን ይደርሳል። አንድ ጊዜ ውጤቷ ሳይደርስላት የሞተች ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በኋላ ነው ኃላፊዬ፣ ከጎንደር መጥተው እዚህ ያረጁ ትልቅ ሰው፣ ሁለት እንዲህ ያሉ ግራጫ ሳጥኖች አስመጥተው አንዱን ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀመጡት። "ልጄ፣ ሆሳዕናንና ዱራሜን አገናኚልኝ" አሉኝ። ሁለተኛው ወደ ዱራሜ ተላከ።

እዚያ የተረከበው የክሊኒኩ መዝገብ ሠራተኛ ነበር። እኩያዬ ነው። ፊቱን አይቼው አላውቅም፤ የማውቀው ድምፁን ብቻ ነበር።

መስመሩ አይኤስዲኤን የሚባል ነው። አንድ የስልክ ሽቦ ቢሆንም በውስጡ ሁለት መንገድ አለው። በአንዱ እኛ እናወራለን፣ በሌላው ሳጥኖቹ ይነጋገራሉ። ስለዚህ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ይዤ እውል ነበር። እኔ ትዕዛዙን ፊደል በፊደል እነግረዋለሁ፣ እሱ ይጽፋል፣ ከዚያ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ያነብልኛል። እኔ የሀዲያ ልጅ፣ እሱ የከምባታ፤ የሁለታችንም አማርኛ ከትምህርት ቤት የመጣ ነው። እሱ ሲቸኩል ሴቱን ወንድ ያደርገዋል፤ እኔ ስስቅ እሱም ይስቃል። ከጀርባው የክሊኒኩ በር ሲጥ ሲል፣ ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማኛል። ዝናብ ሲጥል ቆርቆሮው ስለሚጮህ "ይቆዩኝ፣ አልሰማዎትም" ይለኝና ሁለታችንም ዝም ብለን እስኪያባራ እንጠብቃለን። ስልኩን ግን አንዘጋውም።

መጀመሪያ ሩቲንጉን፣ ማለትም የመልእክቱን መንገድ መምሪያ፣ ሠራን። የሆሳዕና ኮምፒውተሮች የራሳቸው አድራሻ አላቸው፣ የዱራሜዎቹም የራሳቸው። ሳጥኑ አድራሻውን አይቶ ሲያስፈልግ ብቻ ይደውላል፣ መልእክቱን ያሻግራል፣ ሥራው ሲያልቅ መስመሩን ይዘጋል። ሲወራ ቀላል ነው፤ እኛን ግን አሥራ አንድ ቀን ፈጀብን። ለካ የክሊኒኩን ስልክ ቁጥር ስጽፍ አንድ ዜሮ ገድፌ ኖሯል። ዜሮውን ጨምሬ እንደገና ሞከርን።

"መለሰ! አየሽ? መለሰ እኮ!" ብሎ ጮኸ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ "እርስዎ" ነበር የሚለኝ። ሁለታችንም ደነገጥን።

"ይቅርታ" አለ ቀስ ብሎ።

"ግድ የለም። እንደዚያው ይሁን።"

ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ ከዝናብ በኋላ ያለው የባሕር ዛፍ ሽታ ሆዴ ድረስ ገባ። እናቴ "ምን አግኝተሽ ነው የምትስቂው?" ብላኛለች።

ቀጥሎ የላቦራቶሪው ፕሮግራም መጣ። አሮጌ ነበር፤ ከኔትወርኩ ውጪ ወዳለ አድራሻ መላክ አያውቅም። ጓደኛ ኮምፒውተሩን የሚያገኘው አንድ ቤት ውስጥ እንዳለ ሰው እየተጣራ ነው። ስለዚህ ለእሱ ብቻ ብሪጂንግ ማድረግ፣ ሁለቱን ከተሞች አንድ ቤት ማስመሰል ነበረብን። ውጤቱ ቶሎ እንዲደርስ ብዬ ስልኩ ባልተያዘ ጊዜ ሁለቱንም የመስመሩን መንገዶች እንዲይዝ ፈቀድኩለት። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው የደም ምርመራ ውጤት ዱራሜ ስክሪን ላይ ወጣ። የክሊኒኩ ነርስ እልል ስትል በስልኩ ሰማኋት።

የቀረው አንድ ነገር ነበር። በብሪጂንግ አንዱ ቤት የተጣራው ሁሉ ሌላው ቤት ይሰማል፤ የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው የሚለይ ማጣሪያ ካልተጻፈለት ሳጥኑ ወሬውን አያቋርጥም። ሁለቱንም መንገድ ይይዛል፣ ወደ ክሊኒኩ የሚደውል ሰውም መስመር አያገኝም። ይህን አውቅ ነበር። ማጣሪያው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ግን እሱ ካለቀ ሥራው ሁሉ አለቀ፤ ሥራው ካለቀ ደግሞ በምን ሰበብ እደውላለሁ?

"ቀሪውን ሰኞ እንጨርሰዋለን" አልኩት።

"ሰኞ ጥሩ ነው" አለኝ።

ሰኞ ጠዋት ስደውል ያነሳችው ነርሷ ናት።

"የለም እህቴ። እናቱ አርፈውበት ሺንሺቾ፣ እናቱ ቤት ነው ያለው" አለችኝ። "ቅዳሜ ጠዋት በድንገት ታመሙ። ዘመዶቹ ጥሩልን ሊሉ ቢደውሉ፣ ቢደውሉ፣ ስልኩ ተይዟል። ይከፈታል ሲሉ ረፈደባቸው፤ ኋላ ሰው በሞተር ላኩ። እሱ ሲደርስ እሳቸው አርፈዋል።" ቀጥላም "ያን ሳጥን ከግድግዳው ነቅዬዋለሁ። ብትቆጪም ተቆጪ" አለች።

ያኑ ቀን ለቅሶ ለመድረስ ከኃላፊዬ ጋር ሄድኩ። በአንጋጫ በኩል ስናልፍ እሳቸው ስለ መንገዱ መበላሸት ያወራሉ፤ እኔ ለእሱ የምለውን በልቤ አዘጋጃለሁ። ድንኳኑ ውስጥ መዘምራን በከምባትኛ ይዘምሩ ነበር። መሬቱ ላይ የተነጠፈው ገለባ ረጥቦ ይሸታል። እሱን ከሚያስተዛዝኑት ሰዎች መሃል ድምፁን ሰምቼ ለየሁት። ረጅም አድርጌ ስዬው ነበር፤ አጭርና ቀጭን ሆኖ አገኘሁት። ዓይኑ አብጧል።

እጁን ስጨብጠው "እኔ ነኝ" አልኩት።

"አወቅኩሽ" አለ።

ከድንኳኑ ጀርባ፣ እንሰቱ ዘንድ ወጣን። መንገዱን ሁሉ ሳዘጋጀው የመጣሁት ንግግር ጠፋብኝ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው። ማጣሪያውን ዓርብ መጻፍ እችል ነበር።"

"ረሳሽው?"

"አልረሳሁትም። አቆየሁት።"

"ለምን?"

ውሸት አንድ እርምጃ ቅርብ ነበር። "እንዳያልቅ ብዬ" አልኩት።

ከውስጥ መዝሙሩ ያልቃል፣ ሌላ ይጀምራል። ከዚያ እያየኝ ሳይሆን እግሩ ሥር እያየ እንዲህ አለ፦

"ቅዳሜ ጠዋት የሳጥኑ ሁለቱም የመስመር መብራቶች በርተው አየኋቸው። ስልኩንም አንስቼ ሞክሬዋለሁ፤ ድምፅ የለውም። ከግድግዳው ብነቅለው ይበቃ ነበር። ግን ተነቅሎ ነርሷ ካየችው፣ ሥራው አልቆ ተነቅሏል ብላ ትነግርሻለች፣ አንቺም ሰኞ አትደውዪም ብዬ ፈራሁ። ተውኩት።"

ሁለታችንም የምንፈልገውን ቃል ሰምተናል፤ የሰማነው ግን እናቱ በተቀበሩ በማግሥቱ ነው። በእሳቸው ሞት ላይ አብረን የምንቆመው እንዴት ሆነን ነው? ኃላፊዬ መጥተው "ልጄ፣ እንሂድ" አሉኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ለትምህርት ወደ ሐዋሳ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። እኔ አግብቼ ወልጃለሁ፤ ባሌ ደግ ሰው ነው። ያ መስመር ተነሥቶ በእሱ ፈንታ ፋይበር ገብቷል፤ ዛሬ ከዱራሜ ጋር ማውራት ለማንም ምንም አይደለም። የእኔ ልብ ግን አሁንም አንዳንዴ ወደዚያ ማክሰኞ ይሄዳል።

ከለቅሶው መልስ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ፣ ሥራ ገብቶ ራሱ ደወለልኝ። ሳጥኑን ሰክቶታል። ማጣሪያውን በግማሽ ሰዓት ጨረስነው፤ ከቁጥርና ከትዕዛዝ በቀር አንዳች አላወራንም። በመጨረሻ አንድ መስመር ቀረ፤ ወሬው ከቆመ በኋላ ሳጥኑ ስንት ደቂቃ ጠብቆ መስመሩን ይዝጋ የሚለው።

"ስንት ላድርገው?" አልኩት።

ዱራሜ ላይ ዝናብ ጀምሮ ነበር።

"አንቺስ ስንት አሰብሽ?"

"አሥር።"

"አሥር ብዙ ነው" አለኝ፣ በለሰለሰ ድምፅ። "ሰው ሊደውል ይችላል። ሦስት ይበቃል።"

ሦስት ብዬ ጻፍኩ።