በዱላ ሦስት ጊዜ

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ብቸና ላይ ያለ ታዘበው ጡሩምባ የተቀበረ የእድር አባል አልነበረም። ታዘበው የእድሩ ለፋፊ ነው። ጎህ ሲቀድ ጡሩምባውን ነፍቶ የሟችን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይጠራል፤ ሰዉም ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል።

ከተማዋ የማን ናት የሚለው ጠብ ከተነሣ ወዲህ ግን ጡሩምባውም ባለጋራ አፈራ። ወታደሮቹ «ጫካ ላሉት ምልክት ትሰጣለህ» ብለው ከለከሉት። እነሱ ለቀው የጫካዎቹ ሲገቡ ደግሞ «ለወታደር ነው የምትነፋው» አሉት። በምንም የማይስማሙ ሰዎች በእሱ ጡሩምባ ላይ መስማማታቸው መጀመሪያ ያስቀው ነበር። አሁን መሳቁም ደክሞታል።

ጡሩምባውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ በየቤቱ መዞር ጀመረ። የባለቤቱን ስም አይጠራም፤ በሩን በዱላው ሦስት ጊዜ ይመታል። ያኔ ሰው መሞቱን ባለቤቶቹ ያውቃሉ፤ ወጥተውም የሟችን ስም ከአፉ ይሰማሉ። በስልሳ አራት ዓመት ዕድሜ ሁለት መቶ በር ቀላል አይደለም፤ ጉልበቱ አለቀ።

ሐሳቡ ግን ሞጣ ነበር። እንደ እናት ያሳደገችው ታላቅ እኅቱ ወለተ ኢየሱስ እዚያ ታማለች። «ዓይንህን ሳላየው አልሙት» ብላ በመንገደኛ ልካበታለች። ስልክ የለም፤ መንገዱም ዛሬ ተከፈተ ሲሉት ነገ ይዘጋል። በጥቅምት ሲከፈት ስንቁን ቋጥሮ መናኸሪያ ደረሰ። መኪናው ሊነሣ ሲል አንድ ጎረቤት ማረፋቸውን ሰማ። እኔ ከሄድኩ ለሰዉ ማን ይነግራል፣ ነገ እሄዳለሁ ብሎ ወረደ። በነጋታው ጉንደ ወይን ላይ ተኩስ ነው ተባለና መንገዱ ተዘጋ። ያቺን ነገ ስንቴ ረገማት!

ከወር በኋላ አንድ ማለዳ፣ ገና ከመደቡ ሳይወርድ በሩ ተመታ። በዱላ፣ ሦስት ጊዜ። ስም የጠራ የለም።

ለቀባሪው አረዱት ይባላል፤ ይኼ ቀባሪ ግን አልሰማም ነበር። ሲከፍት የእድሩ ዳኛ አቶ የኔሰው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል።

«መቼ ቀበሯት?» አለ ታዘበው።

«ዛሬ አሥራ ሁለት ቀኗ» አሉ የኔሰው። «በእግሩ የመጣ ሰው ነው ትናንት ማታ የነገረን። እስኪነጋ ብለን ነው።»

ታዘበው በልቡ ቆጠረ። ከመኪናው የወረደ ዕለት እኅቱ በሕይወት ነበረች፤ መንገድ መንገዱን እያየች ነበር።

ልቅሶው እዚህ ይቀመጣል፤ ለሰዉ መነገር አለበት። ሽማግሌዎቹ ግን ማን ይዙር ለማለት አፈሩ፤ የእድሩን በር ሁሉ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ታዘበው ዱላውን አነሣ። ተው ቢሉት አልሰማም።

የመጀመሪያው በር የጎረቤቱ የፀሐይነሽ ነው። ሦስት ጊዜ መታው። እሷም ነጠላዋን እየለበሰች ወጣች።

«ማን አረፈ፣ ጋሼ?»

ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ስም ሲጠራ የኖረ አፉ የእኅቱን ስም እንቢ አለው። ደፉ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።