ሰባ አምስቱ ፈረሶች

ባለፈው ሳምንት ልጄ ዘይነብ ከሥራ ስትመለስ፣ ማንጎው ሥር እኔ የምቀመጥበት አሮጌ የመኪና ወንበር ላይ አጠገቤ ዘፍ አለችና ስልኳን ሰጠችኝ። ስልኩ ላይ ነጭ ሚኒባስ አለ። አዲስ አበባ ያለ ሻጭ የላከላት ነው። ተማሪ ለማመላለስ ልትገዛው አስባለች። ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ጎማው አዲስ ነው፣ ወንበሩ ገና ላስቲኩ አልተነሳለትም። ከፎቶው ሥር ሰውዬው እንዲህ ብሎ ጽፎላታል፦ «እህቴ፣ እኔን ካመንሽኝ ሞተሩን ማየት አያስፈልግሽም። ወላሂ ብያለሁ።»

ደሜ ፈላ። ስልኩን ጭኗ ላይ ስወረውርላት ስኳሬ የወረደ መስሏት ደነገጠች።

«ምን ሆንክ አባ?»

«የተቀመጥሽበትን ወንበር ታውቂዋለሽ?» አልኳት።

ልጆቼ ሁሉ የሚያውቁት የአባታቸው የማንጎ ሥር ወንበር መሆኑን ብቻ ነው። ከየት እንደመጣ ነግሬያቸው አላውቅም። ንዴት እንደ ዕቃ የሚቀመጥ መስሎኝ ሠላሳ ዓመት ያህል አፍኜ አስቀመጥኩት። ግን አልበረደም።

ክልላችን ክልል ከተባለ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። አሶሳ ላይ በየሳምንቱ አዲስ ቢሮ ይከፈታል፤ ሥራ የበዛለት የታፔላ ጸሐፊው ብቻ ነበር ብል አላጋነንኩም። ቢሮው ጠረጴዛ ሳይኖረው ታፔላ አለው። ሰው ሁሉ ስብሰባ ላይ ነው። ከግልገል በለስ የሚመጡት ተሰብሳቢዎች በቀጥታ የሚያገናኝ መንገድ ስለሌለ አገሩን ሁሉ ዞረው፣ አቧራ ለብሰው ይደርሳሉ። ከመንጌ፣ ከባምባሲ የሚመጣው ደግሞ በጭነት መኪና ላይ ከማሽላ ጆንያ ጋር ተጭኖ ነው። በዚያ ዘመን አንድ ሚኒባስ ያለው ሰው ከቢሮ ኃላፊ ይልቅ ይከበር ነበር።

ሚኒባስ እንግዛ ያለችው እናቴ ናት። አባቴ ገበያው ዳር ጨውና ሳሙና የሚሸጥ ትንሽ ነጋዴ ነበር። ገንዘብ የምታውቀው ግን እሷ ነበረች። ክረምቱ ወጥቶ ጅረቱ መጉደል ሲጀምር ወደ ትውልድ ቦታዋ ወደ መንጌ ትሄድና ከእህቶቿ ጋር ወርቅ ታጥባለች። እስከ ጉልበቷ ውኃ ውስጥ ቆማ፣ ወገቧን አጥፋ፣ አሸዋውን በገበቴ እየዛቀች ከጠዋት እስከ ማታ ታዞረዋለች። ቀኑን ሙሉ ታጥባ የምታገኘው ከማሽላ ፍሬ ባይበልጥም ተመስገን ትላለች። ያገኘችውን በወፍ ላባ ቱቦ ውስጥ አድርጋ አፉን በሰም ትደፍነዋለች። ወደ አሶሳ ስትመለስ ልጅ ሆኜ እንኳ የማስታውሰው የእግሯን ጣቶች ነው፤ በውኃ ነጥተው፣ ተጨማደው፣ የሌላ ሰው እግር ይመስሉ ነበር።

የስንት ዓመት ላባ እንደተጠራቀመ እሷ ናት የምታውቀው። አንድ ቀን ማታ፣ ገንፎ በባሚያ እየበላን ሳለ ላባዎቹን አውጥታ አባቴ ፊት ደረደረቻቸው።

«ይህ መኪና ይሁን» አለች። «መኪናው ከመጣ እኔ ከእንግዲህ ወገቤን ለወንዝ አልሰጥም።»

እኔ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ነቀምት ሁለት ዓመት የመኪና ጥገና ተምሬ፣ መንጃ ፈቃድ አውጥቼ፣ በአገሩ ላይ ከእኔ በላይ ሞተር የሚያውቅ የለም ብዬ ደረቴን ነፍቼ የምሄድ ጎረምሳ ነበርኩ። ስለዚህ አባቴ ይዞኝ ሄደ። እናቴ አልሄደችም። ሴት መኪና ልትገዛ አዲስ አበባ ድረስ ምን ያደርጋታል ተባለ። ወርቁ የእሷ፣ መንገዱ የእኛ።

አዲስ አበባ አንድ ደላላ ወደ አንድ የመኪና መሸጫ ግቢ ወሰደን። ባለቤቱ ቀይ ከረባት ያሰረ፣ ወፍራም፣ ሳቁ ከአፉ የማይጠፋ ሰው ነው። ስሙን አውቀዋለሁ፣ ግን አልጠራውም። ከየት እንደመጣን ጠየቀን፤ ከቤኒሻንጉል አልነው።

«እሱ ደግሞ የት ነው? ሱዳን ነው?»

«የለም» አለ አባቴ። «ኢትዮጵያ ነው። አዲስ ክልል ነች።» አባቴ አማርኛን የተማረው ገበያ ላይ ነው፤ ወንዱንና ሴቱን አይለይለትም ነበር።

ሰውዬው የአባቴን ነጭ ቆብ አየና «እንኳን ደህና መጡ ሐጂ!» ብሎ ወንበር አቀረበ፣ ለስላሳ አዘዘ። አባቴ ሐጅ ሄዶ አያውቅም። ግን አላረመውም። ሐጂ መባል የማይጥመው ማን አለ!

ያሳየን ሚኒባስ ሰማያዊ ነው። ሊብሬውን ዘርግቶ «ሁለት ሺህ አራት መቶ ሲሲ፣ ናፍጣ፣ ሰባ አምስት የፈረስ ጉልበት» እያለ አነበበልን። አባቴ ሲሲውን አልሰማውም፤ ፈረሱን ግን ሰማ።

«ሰባ አምስት ፈረስ? ይህ ሁሉ ውስጧ አለ?»

«አንድም አይጎድል ሐጂ!»

ሦስታችን ገብተን በሜዳው አስፋልት ላይ አንድ ዙር ነዳሁት። ባዶ መኪና፣ ሜዳ መንገድ፤ በዚህ ላይ የማይሮጥ ነገር የለም። ግን ድምፁ አልተዋጠልኝም። የዚያን ያህል ሞተር ሲነሳ ድምፁ ከሆድ ነው የሚወጣው። ይኼኛው ከጉሮሮው ነበር የሚያወራው። በዚያ ላይ ከሥር ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚያስሩት ብሎኖች አዲስ ናቸው። አሮጌ መኪና ላይ አዲስ ብሎን ምን ይሠራል? የእንዲህ ዓይነት መኪና ሞተር ያለው ከፊት ወንበር ሥር ነው። ወንበሩን ብድግ ካላደረጉት አይታይም። ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ላመሳክር ብዬ እጄን ወደ ወንበሩ መቆለፊያ ሰደድኩ።

ይህን ጊዜ ባለ ከረባቱ ለአባቴ «ሐጂ፣ እኛ የምናምነው በፈጣሪ ነው። ፋቲሃ እናድርግና እንጨርሰው» አለ።

በእኛ አገር ከብት ይሸጥ፣ ቤት ይሸጥ፣ ልጅ ይዳር፣ ነገሩ የሚታሰረው በቁርኣኑ መክፈቻ በፋቲሃ ነው። እጅ ተዘርግቶ ፋቲሃ ከተቀራና አሚን ከተባለ አበቃ። ከዚያ በኋላ የገዙትን ማገላበጥ በግ መመርመር አይደለም፣ የሰውን ሃይማኖት መጠርጠር ነው። ያ ሰው ይህን ያውቅ ነበር። የእኛን አገር ካርታ ላይ ማግኘት ያልቻለ ሰው፣ እኛን የሚያስረውን ገመድ ግን አጥርቶ ያውቃል። የእሱ እምነት ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ብቻ አባቴ ሲቀራ እጁን ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከእኛ እኩል አሚን ብሎ ፊቱን ዳበሰ።

ፋቲሃው ሊጀመር ሲል እጄ ገና መቆለፊያው ላይ ነበር። አባቴ በቋንቋችን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እጅህን አንሳ። አታሳፍረኝ» አለኝ።

አነሳሁ። አንስቼም ዘረጋሁት።

ገንዘቡ ተከፈለ፣ ቁልፉ ተሰጠን። ነቀምት ላይ ወደ ጊምቢ የሚሄዱ ዘጠኝ ሰዎች ጭነን እየዘፈንን ዴዴሳ ወረድን። ቁልቁለቱን እንደ ንፋስ ነው የሄደው። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር መጀመሪያ ሦስተኛ፣ ከዚያ ሁለተኛ፣ ከዚያ አንደኛ ማርሽ አስገባሁ። ከዚያ በኋላ የሚገባ ማርሽ የለም። ጥቁር ጭስ ተፋ፣ አቃሰተ፣ ቆመ። የየካቲት ፀሐይ፣ የዴዴሳ በረሃ፤ ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋ ጀመር። ቅቤ ይዘው የሚሄዱ አንዲት የወለጋ ባልቴት ነበሩ። ቅቤያቸው በነጠላቸው ላይ እየቀለጠ፣ ወደ እኔ መስኮት ቀረብ ብለው፦

«ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ እሱ እኛን ነው የሚጭን፣ ወይስ እኛ እሱን ነው የምንጭን?» አሉኝ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ማልቀስ ነበር የቃጣኝ። ሰባ አምስት ፈረስ! ሰባ አምስት አህያ ቢሆንስ? አህያ እኮ ከነጭነቷ ዳገት ትወጣለች።

ጊምቢ ስንደርስ አንድ ሜካኒክ ወንበሩን አነሳው። እኔ ማንሳት ያቃተኝን ወንበር በአንድ እጁ። ቁጥሩን ጠርጎ ከሊብሬው ጋር አስተያየውና ራሱን ነቀነቀ።

«ይህ ሞተር የዚህ መኪና አይደለም። ከትንሽ የቤት መኪና የተነቀለ ነው። ሰው ካልጫናችሁበት ይሄዳል።»

አባቴ ሊብሬውን ከእጁ ተቀብሎ አጠፈና «ዝጋው» አለ።

እናቴ ደጃፍ ቆማ ጠበቀችን። ጎረቤቱ እልል ሲል እሷ የእኛን ፊት አይታ ቀድማን ወደ ውስጥ ገባች። ውስጥ ገብተን ነገርናት።

«ወንበሩን አንስታችሁ አላያችሁም?»

«ፋቲሃ ተቀርቶ ነበር» አለ አባቴ።

እናቴ ስትቆጣ አትጮህም፤ ድምጿ ይቀንሳል። «እኔም ወርቄን ስሸጥ ፋቲሃ እናደርጋለን። ግን ገዢው መጀመሪያ ሚዛኑን ያወጣል። ላባዬን ይቀዳል፣ አሸዋ አለበት ብሎ እፍ ይልበታል፣ ይመዝናል፣ ደግሞ ይመዝናል። እጁን የሚዘረጋው ከዚያ በኋላ ነው። አንድም ቀን ሃይማኖቴን ጠረጠርክ ብዬው አላውቅም። እናንተ ሚዛን ሳታወጡ እጅ ትዘረጋላችሁ?»

አባቴ ቆቡን አውልቆ ጭኑ ላይ አኖረ። ሰብር ማድረግ፣ መታገሥ ነው፣ ያ ሰው በቂያማ ቀን ይጠየቃል አለ። ያን ጊዜ በአባቴ ላይ የተናደድኩትን ያህል በሰው ላይ ተናድጄ አላውቅም። ሰውዬው የሚጠየቀው በቂያማ ቀን ነው፤ እናቴ የምትጎነበሰው ግን በመጪው ጥቅምት ነው።

ለአባቴ ሳልነግረው በአውቶቡስ አዲስ አበባ ተመለስኩ። ባለ ከረባቱ ግቢው ውስጥ ሌላ ገጠሬ ወንበር ላይ አስቀምጦ ለስላሳ እያጠጣ ነው። የሞተሩን ቁጥር የጻፍኩበትን ወረቀት አሳየሁት።

«ይህ ሞተር የሊብሬው አይደለም። ዳገት አይወጣም» አልኩት። «ወይ ሞተሩን ይቀይሩልን፣ ወይ ገንዘባችንን ይመልሱ።»

ወረቀቱን እንኳ አላነበበውም። «አንተ ልጅ፣ ለአሶሳ ምን አነሰው? እዚያ መንገድ አለ እንዴ?»

«እናቴ ናት ወርቅ አጥባ...»

«አባትህ ጸልዮ ነው የገዛው» አለ እየሳቀ። «አሁን ፈጣሪን ልትከስ ነው?»

ከረባቱን መያዜን አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የጥበቃዎቹን ዱላና የግቢውን በር ነው። ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ፤ ሊብሬው የዞረው በአባትህ ስም ነው፣ አባትህ ራሱ ለምን አልመጣም አሉኝ። አባቴ ደግሞ አሚን ባለበት ነገር ሰው አልከስም ብሎ እስኪሞት ድረስ እምቢ አለ።

ያ ሰማያዊ ሚኒባስ አዲሱን የክልላችንን ታርጋ ለጥፎ፣ በከተማው ሜዳ ላይ አምስት ስድስት ሰው እየጫነ፣ ከሚሠራበት ቀን ጋራዥ የሚቆምበት እየበዛ ጥቂት ዓመት ኖረ። መጨረሻ ላይ በብረት ዋጋ ተሸጠ። እናቴም ክረምቱ ሲወጣ ገበቴዋን ይዛ መንጌ ወረደች። በሚቀጥለውም ዓመት። በሚቀጥለውም። እኔ ደመወዝተኛ ሆኜ፣ ይብቃሽ ብያት እሺ እስክትል ድረስ ወገቧ አልቃና ብሎ ቀርቷል። ስትቀበር ጎብጣ ስለነበር አስተካክለው ማስተኛት እንዳቃታቸው ሰምቼ ነው ያለቀስኩት።

መኪናው ሲፈርስ አንድ ነገር ብቻ አስቀረሁ። የፊቱን ወንበር።

ይህን ሁሉ ነግሬያት ስጨርስ ዘይነብ ከወንበሩ ብድግ ብላ ቆማ ነበር። አንድ የበሰለ ማንጎ አጠገባችን ወደቀ፤ ማንም አላነሳውም።

«አባ፣ ያ ሰውዬ እኮ በሕይወት መኖሩም እንጃ። እስከ ዛሬ በእሱ ትናደዳለህ?»

«በእሱ ብቻ ቢሆን ድሮ ይወጣልኝ ነበር» አልኳት። «አባቴ ሞተር አያውቅም። አምኖ ነው አሚን ያለው። ድምፁን የሰማሁት እኔ ነኝ፣ ብሎኖቹን ያየሁት እኔ ነኝ። እያወቅኩ አሚን አልኩ።»

ስልኳን አወጣችና ለሻጩ ጻፈችለት፤ ጽፋም አነበበችልኝ። «መጀመሪያ ወንበሩን አንስተን የሞተሩን ቁጥር እናያለን። ከዚያ ሰው ሞልተን ዳገት እናወጣዋለን። እጃችንን የምንዘረጋው ከዚያ በኋላ ነው።»

ይኸው ሳምንት ሆነው፣ ሰውዬው መልስ አልሰጠም። እሷ ሌላ መኪና እያፈላለገች ነው። እኔም እንደ ልማዴ ማንጎው ሥር ወንበሬ ላይ ነኝ። ትናንት ጥላው ሲዞር ወንበሩን አንስቼ ቦታ አዛወርኩት። ያን ያህል አይከብድም። እናቴ ተጎንብሳ ከምታነሳው አንድ ገበቴ እርጥብ አሸዋ አይበልጥም።