ሞተ የተባለው ቋንቋ

እህቴ ፕሮግራም መጻፍ የተማረችው መካነ ኢየሱስ ከተማ ካለው ቤታችን ሳትወጣ ነው። ኔትወርክ ሲመጣ ቪዲዮ ታወርዳለች፣ ሲጠፋ ያወረደችውን ታያለች። እኔ ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር ባስተምርም ለእሷ ያደረግሁላት ነገር ቢኖር አሮጌ ላፕቶፔን መስጠት ነው። ዓመት ሙሉ በአንድ የፕሮግራም ቋንቋ ስትለፋ ከርማ፣ የደብረ ታቦር አውቶቡሶች መቼ እንደሚነሱ የሚያሳይ ድረ ገጽ ልትጨርስ ትንሽ ቀርቷት ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት ስልኳን እያየች «ሞቷል!» ብላ ጮኸች።

እናታችን ነጠላዋን እያጣፋች ከጓዳ ወጣች። «ማን ነው ልጄ? የማን ቤት ነው?»

«ሰው አይደለም እማዬ፣ የምማረው ቋንቋ ነው።»

እናቴ ግራ ገብቷት ቆመች። እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ አይነገርም፤ ሽማግሌ ተፈልጎ፣ ወገን ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው ሰው የሚረዳው። እኔም እሷም ባለንበት የፕሮግራም ጸሐፊዎች የቴሌግራም ቡድን ግን አንዱ ተነስቶ «ይህ ቋንቋ ሞቷል፤ ለምትማሩት ሁሉ ነፍስ ይማር» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ የሳቁም የእሳቱም ምልክት ተደርድሮለታል።

ደሜ ፈላ። መቼም እንዲህ ያለ ነገር ሳይ ማለፍ አልችልም። ቁጭ ብዬ መልስ ጻፍኩ። አዲስ ሥራ የሚጀምሩ ሰዎች እየተዉት መምጣታቸው እውነት ነው አልኩ፤ ነገር ግን ቀድሞ የተሠሩ ብዙ ድረ ገጾች ዛሬም በእሱ ነው የሚሠሩት፣ ለጀማሪም አይከብድም፣ ለስልክ መተግበሪያ ግን ሌላ ይሻላል። አንዷም ቃል እንዳትበዛ፣ እንዳታንስም ተጠበብኩ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንዱ ብቻ መለሰልኝ። «ወንድሜ፣ ባጭሩ?» አለ።

ባጭሩማ ያኛው ጨርሶታል!

እስከ መጨረሻው ያነበበችው እህቴ ብቻ ነች። ምነው ባላነበበችው።

«እውነት ነው ብለሃል» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ሰዎች እየተዉት መሆናቸውን። ይኸው፣ እዚህ ጋ።»

«ከሥሩ ‹ነገር ግን› ብያለሁ እኮ!»

«አንተ መቼ ‹ግን› ሳትል ቀርተህ ታውቃለህ?»

ያ ሰው በፌዝ የጻፈውን እኔ በማስረጃ ያጸናሁለት ያህል ሆነ። «ውሸቱን ነው፣ እንጀራሽ ነው፣ ያዢው» ብዬ መማል አማረኝ። ብምል ታምነኛለች። ነገ ሥራ ፈልጋ ብታጣስ? መሐላውን ተውኩት።

አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ሌላውን ሁሉ ተወው» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ልቀጥል ወይስ ልተው?»

ልቤ ቀጥይ ይላል። እንድትተው ፈጽሞ አልፈልግም። ከአፌ የወጣው ግን «እንደ ሁኔታው ነው» የሚል ነበር።

ከአጠገቤ ተነሳች።

«ሞቷል ያለው ሰው ቢያንስ መልሶልኛል» አለችና ላፕቶፑን ከደነችው።