የቅዳሜው ፊልም ማኅበር

ከሰፈራችን ከዶሮ ማነቂያ የወጣን ዕለት ማታ፣ ሻንጣው ተዘግቶ፣ ታክሲው ራስ መኮንን ድልድይ ጋ እየጠበቀን፣ ልጄ ቤዛ ከስድስት ጓደኞቿ ጋር ቴሌቪዥኑ ፊት ተተክላ ነበር።

«ማዘር፣ ዐሥር ደቂቃ ብቻ! መንኮራኩሯ ልትፈነዳ ነው» አለኝ ስልክ ጠጋኙ አቤል።

«ትፈንዳ! አውሮፕላኑ እኛን አይጠብቅም።»

ተከታታይ ፊልሙ ምድር ደርቃባቸው በጠፈር ስለሚንከራተቱ ሰዎች ነው። ልጆቹ ፊልሙን የሚያዩት ልክ እንደኛ የጽዋ ማኅበር ደንብ አውጥተው ነበር። በየቅዳሜው በየቤታቸው ተራ ይገባሉ፤ ተረኛው ዳቦ ያቀርባል፤ አለቃቸው፣ ሙሴው፣ አቤል ነው። ያረፈደ ቆሞ ያያል። ቀድሞ ብቻውን ያየ ሁሉንም ይቅርታ ይጠይቃል።

ጀርመን ባለቤቴ ጋ በሰላም ደረስን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ቤቱ ይሞቃል፣ ውኃው አይጠፋም። ግን እዚህ ጎረቤት ለመጠየቅ እንኳ ተርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ይያዛል። ሰዉ ጨዋ ነው፤ ደጁ ዝግ ነው። ቤዛ ቅዳሜ ቅዳሜ በስልክ ከነአቤል ጋር ታያለች። እዚህ አገር ያጽናናት ይኸው የቅዳሜው ፊልም ነው።

ከዚያ ለመኖሪያ ፈቃድ ተጠራን። ቤዛ ዐሥራ ስምንት ስለሞላት ለብቻዋ ነው የምትጠየቀው፤ እኔ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«የማኅበር አባል ነሽ?» አለች ሠራተኛዋ በአስተርጓሚ።

ቤዛ «አይ» ልትል ስትል «አባል ናት» አልኩ።

አስተርጓሚው ያገሬ ልጅ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እናቴ፣ ይተዉት» አለኝ። ፈጣሪ እየሰማ እንዴት ልተወው?

«መሪ አለው?»

«አለው።»

«ያጠፋ ይቀጣል?»

«ቆሞ ያያል።»

«መሣሪያ አላቸው?»

«ልጆቹ የላቸውም። መንኮራኩሯ ላይ ያሉት ግን አላቸው።»

ቤዛ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሴትዮዋ ሁሉንም ጻፈች።

የእኔ ወረቀት በወሩ መጣ። የቤዛ «እየተጣራ ነው» ተባለ። የነርስነት ትምህርት ልትጀምር ነበር፤ ያለ ወረቀት አይሆንም። ልጄን ያስቀራት የእኔ አፍ ነው።

ለአቤል ደውዬ «ፊልም ብቻ እንደምታዩ ጽፋችሁ፣ ፈርማችሁ ላኩልኝ» አልኩት። በሳምንቱ ደወለ።

«ማዘር፣ ልከናል። ማኅበር ከሌለ አባል የለም ብለን፣ ፈርሷል ብለን ጻፍን።»

«ውሸት ጻፋችሁ?»

«እርስዎ ውሸት እንደማይወዱ እናውቅ የለ! የምር አፈረስነው። ማንም አያይም።»

«ስድስታችሁም?»

«ስድስታችንም። ሰዒድ አልቅሷል፤ እንዳይነግሩበት።»

ያሳደጓቸውን ወላጆች አመሰገንኩ። ደብዳቤው በማግስቱ ተተርጉሞ ገባ፤ መልስ እስካሁን የለም። ለቤዛም አልነገርኳትም።

ዛሬ ማኅበሩ ከፈረሰ ወዲህ የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። ስልኳን ይዛ ተቀምጣለች።

«እማዬ፣ ምነው ዛሬ ዘገዩ?»

ይመጣሉ ብላት ውሸት ነው። አይመጡም ማለትም አቃተኝ።