የአንጋጫ ልጅ በፈረንጅ ዋጋ

ይህ የሆነው ከሁለት ዓመት በፊት በክረምት ነው። ወሩ ሐምሌ ይሁን ነሐሴ እርግጠኛ አይደለሁም፤ በዚህ ዕድሜዬ የማስታውሰውን ሁሉ በጥርጣሬ መያዝ ለምጃለሁ። ዝናቡን ግን አልጠራጠርም። ነገሩ ከልቤ ያልወጣው እናትና ልጅ የካፖርቴን ግራና ቀኝ እጅጌ ይዘው፣ እኔ በመካከላቸው መውጫ ያጣሁበት ያ ሰዓት እስከ ዛሬ ስላልለቀቀኝ ነው።

ላቀች በአንጋጫ ገጠር የምትኖር፣ በሟች ባለቤቴ በኩል የምትዛመደን ሴት ናት። ባሏ በሞተባት ዓመት፣ ገና ሕፃን የነበረችውን ምሕረትን ለማደጎ ሰጠች፤ ልጅቱም ባሕር ማዶ አደገች። በዚያ ክረምት ምሕረት አድጋ፣ እናቷን ፈልጋ እኔ እስከምኖርባት ሆሳዕና ድረስ መጣች። ላቀችም ከአንጋጫ ወጥታ መናኸሪያ ላይ ተቀበለቻት።

ልጅቱ ከእንግሊዝኛ በቀር አትሰማም። እናቲቱ ከከምባትኛ ሌላ ያላት የገበያ አማርኛ ብቻ ነው። ሁሉንም የምሰማ እኔ ስለሆንኩ አስተርጓሚነቱ በእኔ ላይ ወደቀ።

በዕለቱ ወደ አንጋጫ ማለፍ አልተቻለም፤ ዝናቡ ጠንክሮ መኪኖቹም ቀድመው ሄደዋል። የእኔ ቤት ደግሞ በከተማዋ ለነበረው መንፈሳዊ ጉባኤ በመጡ ዘመዶች ተሞልቶ ሳሎኑ ሳይቀር ፍራሽ ተነጥፎበታል። ሆቴሎቹም በዚያው ምክንያት ሞልተው ነበር። አንድ ክፍል የተገኘው ከሸምሱ ሆቴል ብቻ ነው።

ሸምሱ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ኢኮኖሚክስ አስተምሬዋለሁ። እንዳየኝ ከመቀመጫው ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ፤ የልጅቱን ፓስፖርት ሲያይ ግን እጁን ወደ ግድግዳው ዘረጋ። በግድግዳው ላይ ሁለት ዋጋ ተጽፏል፤ አንዱ ለኢትዮጵያውያን፣ ሌላው ለውጭ አገር ዜጎች። ሁለተኛው ከመጀመሪያው እጥፍ ይበልጣል።

«ክፍሉን የሚይዙት አብረው ነው፤ እናትና ልጅ ናቸው» አልኩት።

«መምህር፣ አላህ ያብዛላቸው፤ ደስ ይላል። ፓስፖርት እስካለ ድረስ ግን የፈረንጅ ዋጋ ነው።»

ላቀች ከዚህ ሁሉ አንዲቱን ቃል ያዘች። «ፈረንጅ? የቷ ናት ፈረንጅ?» ብላ የልጅቱን አገጭ ይዛ ፊቷን ወደ ሸምሱ አዞረች። «ይህን ግንባር እይ! የአባቷ ግንባር ነው። አንጋጫ ሄደህ ጠይቅ፣ ሕፃን ልጅ ይነግርሃል።»

«እናቴ፣ ግንባር መዝገብ ላይ አይገባም» አለ ሸምሱ ሳቁን እየዋጠ። ወደ እኔ ዞሮም፣ «ደግሞስ ይህን ያስተማሩን እርስዎ አይደሉ? አቅም ያለው ከፍ አድርጎ ይክፈል፣ የሌለው በቅናሽ ይስተናገድ፤ ክፍል ባዶ ከሚያድር ሁሉም ይጠቀማል። ፈተና ላይ ይህንኑ ጽፌ ነው ሙሉ ማርክ የሰጡኝ» አለኝ።

አስተምሬአለሁ። ዛሬም ስሕተት ነው አልልም። ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ባይከፍልለት ኖሮ፣ ሸምሱ የሾኔን ነጋዴና የሞርሲቶን አስተማሪ በዚያ ዋጋ ማሳደር ባልቻለ ነበር። ነገር ግን ያ ትምህርት ሰዎቹን ለሁለት ሲከፍል፣ መስመሩ በአንዲት እናትና በልጇ መካከል ሊያልፍ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

«ለእሷ ብቻ አስተያየት አድርግ» አልኩት።

«ላድርግ። ነገ ደግሞ ፓስፖርት የያዘው ሁሉ እናቴ እዚህ ናት ብሎ ይመጣብኛል፤ ማንን ልመልስ?»

በዚህ ጊዜ ነው ሁለቱም እጅጌዬን የያዙት። ላቀች በከምባትኛ፣ «ስለ ልጄ ምን እያለ ነው?» ትለኛለች። ምሕረት በእንግሊዝኛ ያንኑ ትጠይቀኛለች። ውጭ ዝናቡ በሩን ዘግቷል። «የዚህ አገር ሰው አይደለሽም እያለሽ ነው» ማለት ነበረብኝ፤ አፌ እንቢ አለ። «ከውጭ ለሚመጡ እንግዶች የተለየ ዋጋ አለ» ብዬ አለሳለስኩት።

ልጅቱ እፎይ አለች። ይህ ብቻ ከሆነ ምንም አይደለም ብላ፣ ቦርሳዋን ከፍታ ያለ አንዲት የክርክር ቃል ከፈለች።

ላቀች እጅጌዬን ለቀቀች። በእኛ አገር ሰው የራሱን ሰው በዋጋ ይሟገታል፤ የተጠየቀውን ዝም ብሎ የሚከፍል መንገደኛ ነው። እናቲቱ ስለ ገንዘቡ አልነበረም የተከራከረችው፤ ልጇም አብራት እንድትቆጣ ጠብቃ ነበር።

«ፈረንጅ ነሽ ሲላት እሺ አለች?» አለችኝ በዝግታ።

«እናቴ በዝናብ ደክማ ሳለ ጭቅጭቅ ላይ እንድትቆም አልፈልግም ነው የምትለው» አልኳት።

አየችኝ። «ይህን እሷ አላለችም» አለች። ከዚያም ቦርሳዋን አንሥታ ደረጃውን ወጣች።

በማግሥቱ በሆቴሉ ቁርስ ስንበላ እናቲቱ ዓይኗን ሳታነሣ ሻይዋን ታማስል ነበር። ምሕረት አንድ ነገር እንደ ተበላሸ ገብቷት ነበርና ትንሽ ከምባትኛ አስተምረኝ አለችኝ። ውኃን፣ እናትን፣ ምስጋናን ነገርኳት። ሌላም የነገርኳት ነገር ይኖራል። ምን ምን እንደ ነበር በትክክል አላስታውስም።

መናኸሪያ ደረስን። የአንጋጫው ሚኒባስ ረዳት ልጅቱ እንግሊዝኛ ስትናገር ሰማ፤ ለሻንጣዋም ከሁሉም ሰው ያስበለጠ ዋጋ ጠራ። ላቀች አልተከራከረችም። ፊቷን ወደ ሜዳው አዞረች። ምሕረት እናቷን አየች፣ ረዳቱን አየች፤ ከዚያ በከምባትኛ አንዲት ቃል ተናገረች፤ «በዛ» ማለት ናት።

ረዳቱ ደነገጠ። «አንቺ፣ የኛ ልጅ ነሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀ፤ ዋጋውንም አወረደ። ላቀች ግን አልሳቀችም። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት ያስተማሯት?»

ምን እየጠየቀችኝ እንደ ሆነ አውቅ ነበር። ቃሉ በሕፃንነቷ ከእናቷ የሰማችው ከሆነ፣ ልጇ ሙሉ በሙሉ አልሄደችባትም ማለት ነው። ቁርስ ላይ እኔ የሰጠኋት ከሆነ ግን ሌላ ነው። የማለዳውን ንግግር በራሴ ውስጥ ፈለግሁ። ውኃ፣ እናት፣ ምስጋና፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጭጋግ ነው።

«አይደለሁም» አልኳት።

ላቀች ልጇን አንገቷን አቅፋ እያለቀሰች ወደ መኪናው ገባች።

ከዚያ ወዲህ በአንጋጫ ሠርግም ይሁን ለቅሶ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር በሰው ፊት ታስነሣኛለች። «ልጄ ቋንቋዋን አልረሳችም፤ ጋሼ ምስክሬ ናቸው» ትላለች። ሰዉም ወደ እኔ ያያል። ራሴን በአዎንታ እነቀንቃለሁ። ሸምሱም ሁለቱን ዋጋዎች ከግድግዳው አላወረደም፤ በደጁ ሳልፍ ሰላምታ እንለዋወጣለን፤ ትክክል ነህ ወይም ተሳስተሃል ብዬው አላውቅም።

በቅርቡ ደግሞ ምሕረት በስልኬ መልእክት ላከችልኝ። ዘንድሮም ልትመጣ ነው። ከሰላምታው በኋላ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «ያን ቃል ያስተማርከኝ አንተ ነህ? ወይስ የራሴ ነበር? እኔም አላስታውስም። እውነቱን ንገረኝ።»

መልእክቱን በየቀኑ እከፍተዋለሁ። እስካሁን አልመለስኩላትም።