ጆንያውን ያቀዘቀዝኩበት ሰሞን

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ ጠላ መጥመቅ ከሙቀቱ ጋር መታገል ነው። የሚካኤል ማኅበር ተራ ደርሶን፣ ባለቤቴ ጠላውን ጠምቃ የጋኑን አፍ በጭቃ መረገችው። እኔ የትራክተር ኤሌክትሪክ እጠግናለሁና አላስችል አለኝ። ጠላው ሲሞቅ በራሱ የሚነሣ ማራገቢያ ከሙቀት መለኪያና ከባትሪ ጋር አገጣጠምኩ፤ ጋኑንም እርጥብ ጆንያ አለበስኩት።

ማራገቢያው ግን አልነሣም አለ። ሽቦ ቀየርኩ፣ ባትሪ ቀየርኩ፣ ተራገምኩ። መለኪያው ሃያ ሁለት ዲግሪ ይላል፤ ባለቤቴ ጆሮዋን ጋኑ ላይ ለጥፋ «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ነገር እየተንተከተከ ነው!» ትላለች። በሦስተኛው ቀን ነው የገባኝ፤ የመለኪያውን ጫፍ የወሸቅኩት ጆንያው ሥር ነበር። ለካ ስለካ የከረምኩት ጠላውን ሳይሆን እርጥብ ጆንያ ኖሯል። ጫፉን ወደ ውስጥ ልክተት ብል «የተመረገ ጋን ለበዓሉ እንጂ ለሽቦ አይከፈትም» ብላ እጄን መታችኝ። ቁጭ ብዬ መንተክተኩን ከማዳመጥ ሌላ ምን አቅም አለኝ?

በበዓሉ ቀን ቄሱ ጸልየው ምርጊቱ ሲነሣ ቤቱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተ። እንግዶቹ በይሉኝታ እየተጎነጩ «ይሁን፣ ደግ ነው» አሉን። ያን ዕለት በግርግሩ ጆንያውን ያረጠበ አልነበረምና ደርቆ ኖሯል፤ ማራገቢያው በራሱ ጊዜ ተነሣና ሽታውን በእንግዶቹ ፊት ላይ ይነፋው ጀመር።