ሚዳቋ ያስጾምኩ ጊዜ

በልጅነቴ መጀመሪያ የናቅሁት ትልቅ ሰው ሚዳቋ የሚመዝን ጣሊያን ነው። ጎንደር በእነሱ እጅ በነበረችበት ዘመን እናቴ ግቢውን ትጠርግለት ነበር። ሰው ሁሉ «ዶቶሬ» ይለዋል። ከትክል ድንጋይ ጫካ ያስያዛትን እርጉዝ ሚዳቋ ከወይራው ሥር አጥሮ ምን ያህል እንደምትበላ፣ ክብደቷ ምን ያህል እንደሚጨምር በደብተር ይጽፍ ነበር። የምትበላው ቅጠል ይመዘናል፤ በጠጧ ሳይቀር ይመዘናል። በጠጡን የምትለቅመው እናቴ ናት። ጎረቤቶች በአጥር ላይ ብቅ እያሉ «ዛሬስ ስንት ወቄት ጣለችልሽ?» እያሉ ይስቁባት ነበር።

ጠዋት ጠዋት ሁለት አሽከሮች ይገባሉ። ከጉልበታቸው የማታልፍ ፍጡር ለመያዝ ሁለት ጎረምሳ ላብ በላብ ይሆናል። እሷ አጥሩን ትዞራለች፣ ትዘላለች፤ በመጨረሻ እግሯን ጠፍረው ሚዛኑ ላይ ይሰቅሏታል። ዶቶሬ መነጽሩን አስተካክሎ ያነባል፤ ከትናንቱ ቀንሳለች። ቅጠል ጨምሩላት ይላል። በማግስቱም ቀንሳ ትገኛለች።

የያዛት አዳኝ አያ ደርሶ አንድ ቀን መጥቶ ይህን አየ። «ምነው ጌታው፣ የበላችውን እኮ በድንጋጤና በሩጫ ጨረሰችው! ቢተዋት ሸጋ ትሆን ነበር» አለ። ባርኔጣውን ቤት ውስጥም የማያወልቀው አስተርጓሚ ግን «ቅጠሉ አነሳት ይላል» ብሎ ተረጎመው። ጣልያንኛ ትንሽ የለመደችው እናቴ «ኧረ እንዲህ አላለም!» ብትለው «አንቺ በጠጥሽን ልቀሚ» አላት።

ዶቶሬ ሰለቸው። እስከ ሐሙስ ካልጨመረች ሆዷን ከፍቶ ፅንሱን ጠርሙስ ውስጥ እንደሚያስቀምጥ ተናገረ። እናቴ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። ሰኞ ሰውዬው አስተርጓሚውንና አሽከሮቹን በማኪና ጭኖ ለሦስት ቀን ሽርሽር ወደ ኮሶዬ ወጣ።

ዕለቱ የነነዌ ጾም የገባበት ነበር። በነነዌ ከብቶቹ ሳይቀሩ ጾመው ከተማይቱ ከጥፋት እንደዳነች ቄሱ ሲያስተምሩ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ቅጠሉን ከሚዳቋዋ ፊት አንስቼ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አስጾምኳት። እናቴ ስትደርስብኝ «አንቺ እብድ፣ እርጉዝ ታስጾሚያለሽ?» ብላ በኩርኩም አለችኝ። ምክንያቴን ስነግራት ግን እጇን ሰበሰበች። ማክሰኞና ረቡዕ ቅጠሉን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያቆየችው እሷ ራሷ ናት። ሚዳቋዋ ቀኑን ቁጥቋጦው ሥር ተኝታ ዋለች፤ አመሻሽ ላይ ተረጋግታ በላች። ማንም አላባረራትም።

ሐሙስ ተመልሰው ሚዛኑ ላይ ሰቀሏት። ጨምራለች! ዶቶሬ ቅጠሉን ያበዛው እሱ ስለሆነ በራሱ ብልሃት ተደስቶ ገጽ ሙሉ ጻፈ።

ፋሲካ ሳይደርስ ወለደች። ግልገሏ እሷን ተከትሎ መዝለል ሲጀምር እናቴ በጠራራ ፀሐይ የአጥሩን በር ወለል አድርጋ ከፍታ ውሃ ልትቀዳ ወረደች።

ያን ጊዜ በጾም ያዳንኳት እኔ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር። ዛሬ እነዚያ ሰዎች ሄደዋል፤ እኔም ራሴን አስተምሬ ግጥም እጽፋለሁ፤ በሰው ሞኝነት መሳቅ ልማዴ ሆኗል። ሚዳቋዋን ያዳናት ጾሙ ሳይሆን ሦስት ቀን ከእነሱ እጅ ማረፏ መሆኑን ለእናቴ አስረዳኋት። እሷ ፈትሏን ሳታቋርጥ «ታዲያ ኮሶዬ የወሰዳቸው ማን ነው?» አለችኝ።